ባሏን አዝላ ወደ ባሕር

በፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፺፩ ዓመት፣ በጥቅምት ወር አጋማሽ፣ በዚያው ዓመት የተከፈተው የባቡር ሐዲድ አይማውዝ ወደምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ካመጣቸው መንገደኞች መካከል ኤሊሰን ዱጋል የምትባል የአርባ ዓመት ሴት ነበረች፤ የቀሩት ባሕር ሊያዩ መጥተዋል፤ እርሷ ግን የሠራችውን በደል ልትናገር ነበር የመጣችው።

ከተማይቱን ለቃ ኤዲንብራ ከገባች ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ከባቡሩ ወርዳ የዓሣውና የሬንጁ ሽታ ሲቀበላት ወደ ኋላ ልመለስ ብላ አሰበች፤ ይሁንና ሻርፏን ጠበቅ አድርጋ ከወደቡ በላይ ወዳለው ጠባብ መንገድ አቀናች።

ከአሥር ዓመት በፊት በአንዲት ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዐውሎ ነፋስ ሲቃረብ የሚወርደው የወደቡ የአየር ግፊት መለኪያ ግን ክፉኛ ወርዶ ስለ ነበር ዓሣ አጥማጆቹ ለመውጣት አመንተው እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ማዕበል አግቷቸው ስለ ሰነበተ ኤሊሰን ለዓሣ ማጥመጃ በሺህ መንጠቆ ላይ የሰካችው የዛጎል ሥጋ ሊበላሽ ተቃርቧል። በአገሩ ልማድ ደግሞ ሚስት ባሏን አዝላ፣ ውሃውን አሻግራ፣ ጀልባው ላይ ታወጣዋለች፤ ቀኑን ሙሉ በረጠበ እግር እንዳይውል ነው። ኤሊሰንም ባሏን ኒኒያንን አዝላ ውሃው ከጉልበቷ በላይ ሲደርስ፣ እርሱ ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ፣

«አንቺ፣ መልሺኝ። ዛሬ ልቤ አልወደደውም» አላት።

ሳምንቱን ሙሉ መንጠቆ የቆራረጠው ጣቷ ያቃጥላት ነበር፤ ንዴቷ መጣና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ኧረ ስሙልኝ! ባል አዘልኩ ብዬ ሕፃን ነው ለካ ያዘልኩት! ጡት ላጥባህ እንዴ?» አለች።

የባሕሩ ዳር በሳቅ ተናጋ። ኒኒያን ጀልባው ላይ ወጣ፤ አንዱ ጀልባ ከሄደ ሌላው መቅረቱ ነውር ነበርና ሁሉም ተከተሉት። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ ዐውሎ ነፋሱም ወረደ፤ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ሚስቶቻቸው ቆመው እያዩ በወደቡ አፍ ላይ አለቁ፤ ኒኒያንም ከእነርሱ መካከል ነበር።

እንግዲህ ኤሊሰን ልትናዘዝላት የመጣችው ወይዘሮ ማርጌት ሄስፕ በዚያች ቀን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ያጣች ሴት ነች፤ የእርሷ ሰዎች ጀልባ ኒኒያንን ተከትሎ የወጣ የመጀመሪያው ነበር። አሮጊቷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ አገኘቻት።

«እማማ፣ አወቁኝ?»

«የኒኒያን ሚስት! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ኤዲንብራ ዓሣ የለም እንዴ?»

«አይቀልዱብኝ፣ እማማ። ልጆችዎን የገደልኩት እኔ ነኝ። መልሺኝ ብሎኝ ነበር እኮ! ብመልሰው ኖሮ ማንም አይወጣም ነበር።»

አሮጊቷ ሹራቧን ጭኗ ላይ አኖረች። ኤሊሰን ስድቡንም ጥፊውንም ለመቀበል ተዘጋጅታ ነበር፤ እንዲያውም ትመኘው ነበር።

«ሰምቼዋለሁ» አለች ማርጌት።

«ምኑን?»

«መልሺኝ ሲልሽ። ከኋላሽ ነበርኩ፤ ያላገባውን ትንሹን ልጄን አዝዬ። እሱም ኒኒያንን ሰማና ‹እማዬ፣ እኛም እንመለስ› አለኝ። እኔ ባንቺ ቀልድ ስቄ ስቄ መልስ እንኳ አልሰጠሁትም። እየሳቅኩ ጀልባው ላይ አወጣሁት።»

ኤሊሰን ደረጃው ላይ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«አንቺስ ለኔ ነገርሽኝ፤ ተገላገልሽ» አለች አሮጊቷ። «እኔ ለማን ልንገር? ሙሾ ስናወርድ አብረውኝ ላለቀሱት? ለቄሱ? አሥር ዓመት ሙሉ አንቺን ስጠላ ኖርኩ፤ የራሴን በደል እንዳላስብ።»

ኤሊሰን እጇን ዘረጋች፤ ማርጌት ግን አልያዘችውም፤ አልገፋችውምም።

የዚያች ዓርብ ነገር በመዝገብ ሰፍሯል፤ በዚያ የባሕር ዳርቻ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ወንዶች ሞቱ፤ ከእነዚህም መቶ ሃያ ዘጠኙ የአይማውዝ ሰዎች ነበሩ፤ የነፋሱ አቅጣጫና የጀልባዎቹ ስምም ተጽፏል። «መልሺኝ» ብለው የለመኑት ግን ስንት እንደ ነበሩ የቆጠረ የለም፤ የሚያውቁት የተሸከሟቸው ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም አልተናገሩም።