ሰማያዊ የጥፍር ቀለም

ካትሱ ሚቡ የሞተው በጥር ብርድ፣ ውርጩ ገና ከአስፋልቱ ሳይለቅ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ሲያደርግ ነው። ነጭ መኪናው የኡዶኪን የውድድር ሜዳ ረጅም ቀጥታ መንገድ ጨርሳ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ስትደርስ የፍሬን መብራቷ ሳይበራ ቀረ። የጎማ ክምሩን ጥሳ ግንቡ ላይ ቆመች። ሐኪሙ ሮጦ ሲደርስ የሚሠራው ሥራ አልነበረም።

የሜዳው ሠራተኞች ሬሳውን አወጡ፤ መኪናዋን በሸራ ሸፍነው ሚዛን ቤት ቆለፉባት። ከዚያ ወዲያ ማንም አላያትም። ኢንስፔክተር ፉሚ ታኩማ ከከተማ ስትደርስ መጀመሪያ ያስከፈተችው ያንን በር ነው።

ታኩማ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ስለ መኪና ታክሲ ከመጥራት የዘለለ ዕውቀት የሌላት ሴት ናት። የሰው ነገር ግን አያመልጣትም። ሸራውን ገልጣ ጎንበስ ስትል፣ አንድ ከባድ ጠፍጣፋ ብረት ከፍሬኑ ፔዳል ሥር ተሰንቅሮ አየች። አራት ቡሎኖች ብረቱ ላይ እንደተሰኩ ናቸው። ከእያንዳንዱ ቡሎን ራስ እስከ ብረቱ ድረስ ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል፤ አንዱም አልተሰነጠቀም።

«ይሄ ብረት ምን ይሠራል?» አለች።

የመለሱላት የውድድር ክለቡ ተቆጣጣሪ ሽማግሌው ዮኔዳ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሜዳ መኪና የመዘኑና ያሸጉ እሳቸው ናቸው።

«ደንብ ነው። በየምድቡ መኪና ከዚህ በታች አይቅለል የሚባል ክብደት አለ። የቀለለ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ብረት ይታሰርበታል። ቡሎኑን በገዛ መፍቻዬ አጠብቅና በጥፍር ቀለም አሰምራለሁ። መስመሩ ከተሰነጠቀ ሰው ነክቶታል ማለት ነው።»

«በጥፍር ቀለም?»

«ከመድኃኒት ቤት ነው የምገዛው። ሻጯ ‹ለማን ሊኳኳሉ ነው?› እያለች ትስቅብኛለች። ለጎዳና ምድብ ቢጫ፣ ለተሻሻለው ምድብ ሰማያዊ፣ ለክፍቱ ምድብ ቀይ።»

«ሚቡ የጎዳና ምድብ አሸናፊ ነው ሲባል ሰማሁ። ይሄ ሰማያዊ ነው።»

ዮኔዳ በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጎማው ለጎዳና ምድብ አይፈቀድም፤ በጣም ለስላሳ ነው። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ብቻችንን ሆነን ያዝኩት። ወይ ውጣ ወይ አንድ ምድብ ከፍ በል አልኩት። ከፍ አለ፤ ብረት ጨምሬ ሰማያዊ አሰመርኩለት። ‹ዙሬን እስክጨርስ ለማንም እንዳትነግርብኝ፣ ጉድ እሆናለሁ› ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት።»

«ለማንም አልተናገሩም?»

«ትንፍሽ አላልኩም።»

ታኩማ አንዱን ቡሎን በጣቷ ነካ ስታደርገው ወልቆ እጇ ላይ ቀረ። ጫፉ ተቆርጧል፤ ብረቱን አልፎ ወለሉን እንዲይዝ የታሰበ አይመስልም።

«እኔ ያጠበቅሁት ረጅም ቡሎን ነው!» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ግን መስመሩ ደህና ነው። መስመሩ ደህና ከሆነ... አጭር ቡሎን አሽጌ ሰው ገደልኩ ማለት ነው። እስር ቤት መግባቴ ነው በዚህ ዕድሜዬ።»

ሻይ ሲያነሱ ግማሹ እጅጌያቸው ላይ ፈሰሰ። ታኩማ ኩባያውን አየች፤ ከዚያ መስመሮቹን አየች። በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ።

«መስመሩ መቼም ያምራል» አለች። ዮኔዳ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ሌላው ተወዳዳሪ፣ የጥርስ ሐኪሙ ሪዮታ ኩሱሚ፣ የሜዳው ምግብ ቤት ውስጥ ሩዝ በካሪ ወጥ እየበላ ነበር። በጎዳና ምድብ ሚቡን ተከትሎ ሁለተኛ መውጣት ልማዱ ሆኗል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት ብልዎት ደስ ይለኝ ነበር» አላት አፉ ሙሉ እንደሆነ። «ግን እኔ የምፈልገው በሰዓት ልቀድመው ነው እንጂ በሬሳ ሣጥን አይደለም።»

«ትጠላው ነበር?»

«እንዴታ! እዚህ ሜዳ ሰው ከሰው አይሽቀዳደምም፤ ሰው ብቻውን ከሰዓት ጋር ነው የሚታገለው። ሰዓት አያታልልም፤ ስለዚህ አታላይ ደንቡን ያታልላል። ዛሬ ጠዋት ጎማውን እዩልኝ ብዬ ለጋሽ ዮኔዳ አቤት አልኩ። ‹አያለሁ› አሉኝ። አዩ? አላዩም! ሰውየው በቢጫው እንደኮራ ሞተ። ቁርስ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እየሳቀብኝ ነው የበላው።»

«በቁርስ ሰዓት መኪኖቹን ማን ይጠብቃል?»

«ከሚዛን በኋላ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ እኛ በልተን ስብሰባ እንገባለን። እስክንመለስ መንካት ክልክል ነው።»

«ማን ይጠብቃቸዋል ነው ያልኩህ።»

«ደንቡ» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «የቶሺን ነገር አልነገሩዎትም? ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የሃያ ዓመት ልጅ፣ የሚቡን ሁለተኛ መኪና ሲነዳ ብረት ፔዳሉ ሥር ተንሸራቶ ፍሬን ነሳው። ክለቡ ‹መኪናው እንዲቀልለት ራሱ ሲፈታ ነው› ብሎ ፈረደ። ስሙንም ከአሸናፊዎች ሰሌዳ ፋቁት፤ ክብደት ሌባ ተባለ። እህቱ ናት ለሚቡ በመካኒክነት የምትሠራው። ናኦ። እኔ ብሆን አልሠራም።»

ናኦ ኢሶቤ በሚቡ ጋራዥ ውስጥ ምድጃ ዳር ተቀምጣ አንዲት ቀጭን ሽቦ በጠባብ ቀዳዳ ስታሾልክ ታኩማ ገባች። ሽቦዋ በአንድ ሙከራ አለፈች።

«አባት ሆኖኝ ነበር» አለች ናኦ ቀና ሳትል። «ወንድሜን ቀበረልኝ፤ ሥራ ሰጠኝ።»

«ዛሬ ከሚዛን በኋላ አነጋገርሽው?»

«የለም። መኪናዋን ሚዛን ቤት በር ላይ አስረክቤው እዚህ ተመለስኩ። ጎማ ስፈታ ስገጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱንም እሷንም ዓይኔ አላየም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። ስትጋጭ።»

ታኩማ እጇን ምድጃው ላይ ዘረጋች። ከእንጨቱ ጭስ ጋር ሌላ ሽታ አለ፤ ኃይለኛ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ።

«ቶሺ እንደተባለው ሌባ ነበር?»

ናኦ ሽቦዋን አስቀመጠች።

«ቶሺ ሱቅ ውስጥ ትርፍ መልስ ቢሰጡት ሊመልስ ተመልሶ የሚሄድ ልጅ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ገበያ የምትወጣው አንገቷን ደፍታ ነው። ‹የሌባው እናት› ይሏታል። ሞቱን ችላዋለች፤ ስሙን ነው ያልቻለችው። እኔም አልቻልኩም።»

«ማን ፈረደበት?»

«ዮኔዳ ነዋ!» አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «‹እኔ አጥብቄያለሁ፣ ልጁ ነው የፈታው› ብሎ መሰከረ። አሁንስ ምን ሊል ነው? ሰማያዊውን ያሰመረ እሱ አይደል? በገዛ መስመሩ ይታነቅ!»

ታኩማ ጎንበስ ብላ በመቆስቆሻው አመዱን ገለጥ አደረገችና መልሳ አለበሰችው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሚዛን ቤት ሰበሰበቻቸው። ዮኔዳ ሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ኩሱሚ ቆመ። ናኦ ግድግዳ ተደግፋ ክንዷን አጣጠፈች።

«ሚቡን ብቻ መግደል የፈለገ ሰው» ስትል ጀመረች ታኩማ፣ «ቡሎኑን ቀይሮ መሄድ ይበቃው ነበር። በማሟሟቂያው ዙር ፍሬን በተያዘ ቁጥር ብረቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በዋናው ዙር ፔዳሉ ሥር ይገባል። አለቀ። ታዲያ ለምን ቁጭ ብሎ አራት መስመር አሰመረ?»

«እንዳይነቃበት ነዋ» አለ ኩሱሚ።

«ወንበር ሥር ማን አጎንብሶ ያያል? የተሰነጠቀ መስመር ቢገኝ ሁላችሁም ትጠረጠራላችሁ። ሙሉ መስመር ከተገኘ ግን የሚጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ዮኔዳ ጠቆመች። «አንዱን በሞት፣ አንዱን በስም። ይሄ የሁለት ሰው ቂም ያረገዘ ሰው ሥራ ነው።»

ከኪሳቸው የጥፍር ቀለሙን ጠርሙስ እንዲያወጡ ዮኔዳን ጠየቀቻቸው። አንድ ቁራጭ ብረት አቀረበችና «ያስምሩልኝ» አለች።

«ምን አስፈለገ?»

«ያስምሩ፣ ጋሽ ዮኔዳ።»

ሽማግሌው ትንሿን ብሩሽ ያዙ። ብረቱ ላይ የቀረው መስመር ዝንብ ከቀለም ወጥታ የተራመደችበት ይመስል ነበር። ከሥራ ያስወጡኛል ብለው ይህን የሚንቀጠቀጥ እጅ ሲደብቁት ኖረዋል፤ አሁን በሰው ፊት አፈሩ። ግን የዳኑትም በዚያው ነው።

«ይህ እጅ መኪናው ውስጥ ያሉትን መስመሮች አላሰመረም» አለች ታኩማ። «እሳቸው ያሰመሩባቸውን ቡሎኖች ሌላ ሰው ነቅሎ የራሱን ተክቷል፤ መኪኖቹ ተሰልፈው እናንተ ቁርስና ስብሰባ ላይ ሳላችሁ። ዶክተር ኩሱሚ፣ ሚቡ ሲሞት በምን ቀለም ታሽጎ ነበር?»

«በቢጫ ነዋ! የጎዳና ምድብ አይደል?»

«በሰማያዊ። ጋሽ ዮኔዳ ጎማውን አይተው ምድቡን ቀየሩት፤ በሚስጥር።»

ኩሱሚ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እንግዲያው... ከጎዳና ምድብ ወጥቶልኝ ነበር? አሸንፌ ነበር?» አለና የተናገረውን ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

«ሚስጥሩን ሟቹና ሽማግሌው ብቻ ነበሩ የሚያውቁት። ሦስተኛ ሰው ሊያውቅ የሚችለው ወንበሩ ሥር ገብቶ ካየ ብቻ ነው። ናኦ፣ ቅድም ‹ሰማያዊውን ያሰመረ እሱ አይደል? በገዛ መስመሩ ይታነቅ› አልሽኝ።»

ዮኔዳ ቀና ብለው ልጅቷን አዩ።

«ሚቡ ነግሮኝ ነው» አለች ናኦ።

«ከሚዛን በኋላ ዓይኔ አላየውም ብለሽኛል።»

 ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ናኦ ወንበሩ ሥር ስትገባ እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ያጋለጣት የዮኔዳን ስም ስትጠራ የገነፈለው ንዴቷ ነው።

ክንዷን ፈታች።

«ባለፈው ወር ነው ያገኘሁት» አለች። «የሚቡ የመፍቻ ሣጥን ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ሦስት የጥፍር ቀለም። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። የእጁን ጥፍር የማያጥብ ሰው! ከሚዛን በኋላ ብረት እየቀነሰ፣ የተረፈውን በጥድፊያ እያሰረ፣ መልሶ እያሰመረ ነው እኮ ያን ሁሉ ዋንጫ የሰበሰበው። ቶሺ በነዳት መኪናም ያንኑ ነው ያደረገው። ገደለው፤ ከዚያ ቀብሩ ላይ ትከሻዬን አቅፎ አለቀሰ። እኔም በገደለበት ገደልኩት። በእሱው ቀለም። አይቆጨኝም፤ ነገም ብነሣ አደርገዋለሁ።»

«ጠርሙሶቹን ምን አደረግሻቸው?»

«አቃጠልኳቸው።»

«አመዱ ውስጥ አይቻቸዋለሁ። ፈነዳድተው ስብርባሪ ብቻ ቀርቷል።» ታኩማ ድምፅዋን አላነሳችም፤ ፊቷ ላይ ግን ንዴትም ኀዘንም ነበር። «የሚቡ አሻራ የነበረው እነሱ ላይ ነው። ጨርቁን ከነጠርሙሶቹ ይዘሽ እኔ ዘንድ ብትመጪ የወንድምሽ ስም በሳምንቱ ይነጻ ነበር። አሁን የሚቡ ነበሩ የምትዪ አንቺ ብቻ ነሽ። ገዳዩ በሟቹ ላይ ቢመሰክር ማን ይሰማዋል?»

ናኦ እስከዚያች ሰዓት አላሰበችውም። ቀለሙ ከፊቷ ሲሸሽ ሁሉም አዩ። ሽማግሌው እግር አጠገብ ተቀመጠች፤ አንቱታውም ተመለሰ።

«ጋሽ ዮኔዳ... እርስዎ ያውቃሉ። ያን ዕለት ቶሺ ከሚዛን እስከ መነሻው ድረስ ከእርስዎ ጋር ነበር። እናቴ የጠቀለለችለትን ሩዝ ‹ለጋሼ አካፍላለሁ› ብሎ ነው ይዞ የወጣው። ከእርስዎ አጠገብ ካልተለየ መቼ ብረት ይፈታል? እኔን ስቀሉኝ። ለእሱ ብቻ ይመስክሩለት። ለእናቴ።»

 ያን ዕለት ልጁ እዚሁ በርጩማ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከሁለቱ የሩዝ ጥቅል ትልቁን ለዮኔዳ ሰጥቷቸው ነበር። መካከሉ ላይ የነበረው በጨው የተቀመመ ኮምጣጣ ፕሪም ጉሮሯቸውን ሲቆነጥጣቸው ልጁ ስቆ ሻይ ቀድቶላቸዋል። በኋላም ‹ከእኔ ጋር ነበር› ቢሉ ጥያቄው ወደሚንቀጠቀጠው እጃቸው እንደሚዞር አስበው አፋቸውን ዘጉ። ሁሉን ያስታውሳሉ። ግን አሁን ጆሯቸው ላይ የሚጮኸው ሌላ ነው፤ በገዛ መስመሩ ይታነቅ።

«ጋሽ ዮኔዳ?» አለች ታኩማ። «ቶሺ ያን ዕለት ከእርስዎ ጋር ነበር?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽማግሌው የሻይ ኩባያቸውን አነሡ፤ እግራቸው ሥር የተቀመጠችውን ልጅ ቁልቁል አዩዋት።

«አላስታውስም» አሉ።

በዚህ ጊዜ ከሻይው አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።