ቢጫው ሻሽ ከሰማይ ሲታይ

የፓራሹት ማሰሪያ መስፋት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ መዝለልን ግን በሩቁ ነበር የምታውቀው። የምትወደው ሰው፣ የዝላይ አሰልጣኙ፣ «መርፌ» እያለ ይጠራታል። እኛን ወደ ገደል ልከሽ አንቺ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ትያለሽ እያለ ሲያበሽቃት፣ ምን ላድርግ፣ ሰው ማስቀደም እወዳለሁ ትለው ነበር።

ያ የሳቅ ጊዜ አለፈ። እሱ ባሕር ማዶ ሥራ አገኘ፤ ነገ ይሄዳል። አብረን እንሂድ ካላት ሰንብቷል፤ እሷ ግን ዓይነ ስውር እናቷን ለማን ጥላት ትሂድ? እህት የላት፣ ወንድም የላት። እናትየው ሂጂ፣ እኔ እንደምንም እሆናለሁ ስትላት ጭራሽ አንጀቷን በላችው። በመጨረሻ እሱ አንድ ጊዜ አብራው እንድትዘልና መልሷን እዚያው ሰማይ ላይ እንድትነግረው ለመናት። እሄዳለሁ ልትለው ቆርጣ ነበር አውሮፕላኑ ውስጥ የገባችው።

በሩ ተከፈተ። ጀርባዋ ከደረቱ ጋር፣ ራሷ በሰፋችው ማሰሪያ፣ በአራት ዘለበት ተያይዟል።

«ፈራሽ?» አላት ጆሮዋ ሥር።

«ስፌቱንስ አልፈራውም።»

ዘለሉ። ነፋሱ ትንፋሿን ነጠቃት። ከዚያ ፓራሹቱ ተከፈተና ዓለም ጸጥ አለ።

ሳታስበው ዓይኗ ከሜዳው ማዶ ያለውን ቤታቸውን ፈለገ። ግቢው መሃል እናቷ ቆማለች። ቢጫ ሻሿን አውልቃ ታውለበልባለች፤ የምታውለበልበው ግን ለእነሱ ሳይሆን የአውሮፕላኑ ድምፅ ወደሄደበት፣ ባዶ ወደሆነው ሰማይ ነው።

እጇን ወደ ግቢው ዘረጋች። እሱም አየ።

«እናትሽ ናቸው?»

«አዎ።»

ፓራሹቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

«በቃ፣ መልስሽን ሰማሁት» አላት።

ሣሩ ላይ አረፉ። የትከሻዋን ዘለበቶች ፈታ፣ ከወገቧም አንዱን። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ትንፋሹ አንገቷ ላይ ይሰማታል። ሳይፈታ እንዲቀር የፈለገችውን ያህል በሕይወቷ ምንም አልፈለገችም። እሱ አልፈታ ሲል ግን እጇን ወደኋላ ልካ ራሷ ፈታችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ሻሿን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«አየሽኝ ልጄ?»

«አየሁሽ እማዬ» አለቻት፣ እንባዋ ድምፅዋ ውስጥ እንዳይገባ እየታገለች። «ልክ ወደ እኔ ነበር የምታውለበልቢው።»