ዘጠና ስምንት ነበር

መሪው ላይ የተገጠመችው፣ የሞተሩን ሙቀት የምታሳየው ትንሽ መስኮት ዘጠና አንድ አለች።

ፋሲካ ነዳጁን ለቀቅ አድርጋ ቆመች። የበረዶ ሞተሩ ከበታቿ ይንቀጠቀጣል። ድሮ ተራ ሞተር ብስክሌት ነበር። አሁን ከፊት በጎማው ፈንታ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰፊ ስኪ፣ ከኋላ ደግሞ በረዶውን እየቧጠጠ የሚገፋ የጎማ ሰንሰለት ተገጥሞለታል። የገጠሙት የሰፈሯ መካኒክ ጋሽ ጸጋይ ናቸው። እሳቸው ከታች፣ አጥሩ ጥግ፣ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከትተው ወደ ላይ ያያሉ። ከኮረብታው ጫፍ ደግሞ የክፍል ጓደኛዋ ኣሚር ስልኩን ደግኖ ይቀርጻታል።

«ነይ እንጂ! ምን ይገትርሻል?» ብሎ ጮኸ። «ጣቴ ደርቆ ሊረግፍ ነው!»

ጋሽ ጸጋይ ከመነሳቷ በፊት በደንብ ነግረዋታል። ሞተር በበረዶ ላይ ከመጠን በላይ ይበርደዋል። ስለዚህ ራዲያተሩ ላይ ሸራ አድርገውለታል። ሸራው ከግርጌው ተሰፍቷል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ራዲያተሩን ይሸፍናል፣ ወደ ታች ሲለቀቅ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል። ስትነሳ ግማሹን ሸፍነውት ነበር። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ አየሩም ያንሳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ሳይታሰብ ይግላል።

«ዓይንሽ ከቁጥሩ እንዳይነቀል» ብለዋት ነበር። «ዘጠናን ካለፈ ቆም ብለሽ ሸራውን አንሺው። መቶ ከደረሰ ደግሞ ሞተሩን አጥፊ። የትም ሁኚ፣ አጥፊ። ገባሽ፣ ጓለይ?»

ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ጋሽ ጸጋይ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት ትምህርት ቤት ነው። ፋሲካ ደግሞ እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዳ፣ የእናቷን አማርኛ በጆሮዋ ለቅማ ያደገች ናት።

«እሺ» አለች።

ለትልቅ ሰው ሁልጊዜ እሺ ትላለች። ቢገባትም፣ ባይገባትም።

አሁን ዘጠና አልፏል። ሸራውን አንሺው። ቤት ውስጥ እናቷ «አንሺ» ስትላት ነገሩ ሁሌም ከወለል ወደ ላይ ነው፤ ቦርሳሽን አንሺ፣ ካልሲሽን አንሺ። ጎንበስ ብላ ሸራውን ያዘችና ወደ ላይ ሳበችው። ራዲያተሩ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ።

የጋለ ነገር መሸፈን እንግዳ ሆነባት። ዞር ብላ ወደ ታች አየች። «ጋሽ ጸጋይ፣ እንዲህ ነው?» ብላ መጮህ ትችል ነበር፤ ይሰሟታል። ግን ኣሚር እየቀረጸ ነው። እሳቸው ያሉት ነገር ምክንያት ይኖረዋል ብላ ነዳጁን ሰጠችው።

ዘጠና ስድስት። መቶ። ጫፉ እዚያው ነው፤ የኣሚር ጥርስ እንኳ ይታያል። መቶ አምስት። ትንሽ ብቻ። ጫፉ ላይ አጠፋዋለሁ። መቶ አሥራ ሁለት።

ሞተሩ ድምፁ ተለወጠ፤ ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ሲር ሲር አለ፤ ከዚያ አንዴ ቀጭ ብሎ ቀጥ አለ። ከጎኑ የፈላ ውሃ ፊን ብሎ በረዶውን በሳው። ፋሲካ ዘላ ወረደች። እንፋሎቱ ከየት እንደሚወጣ ለማየት ሸራውን መንጭቃ ወደ ታች ለቀቀችው።

ጋሽ ጸጋይ ዳገቱን እያለከለኩ ደረሱ። ሞተሩን አላዩም።

«ተቃጠልሽ? እጅሽን አሳዪኝ። እግርሽስ?»

«ደህና ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ነው በርከክ ያሉት። ጓንታቸውን አውልቀው ሞተሩን ዳበሱት። ወደ ታች የተንጠለጠለውን ሸራ አዩ።

«ሸራውንስ አንስተሻል። ጎበዝ» አሉ።

ፋሲካ ሸራውን አየች። ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አንስተሻል አሏት። ማንሳት ማለት ከላዩ መግፈፍ ነበር። በዚያ ብርድ ጀርባዋን ላብ አጠመቃት።

«ስንት ላይ አጠፋሽው?»

ቀና ብለው እያዩዋት ነው። ሽፋሽፍታቸው ላይ በረዶ አለ።

«ዘጠና ስምንት» አለች። «ዘጠና ስምንት ነበር።»

ኣሚር ከኋላዋ መጥቶ ቆሞ ነበር። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሞተሩን እየጎተቱ አውርደው መኪናው ላይ ጫኑት። ኮረብታው ያለበት ማሳ የጋሽ ጸጋይ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ንብረት ነው፤ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የሻንጣ መጎተቻዎችን አብረው ሲጠግኑ ኖረዋል። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀና ለልጆቹ ትኩስ ሻይ ሰጣቸው። ጋሽ ጸጋይ ሻዩን አልጠጡም።

ወደ ፍራንክፈርት ሲመለሱ የነዱት ጋሽ ጸጋይ ናቸው። መሪውን እንደያዙ ለራሳቸው ያህል ማውራት ጀመሩ።

«ዘጠና ስምንት ላይ ሞተር ነክሶ ቀጥ አይልም። ስለዚህ ቁጥሩ ዋሽቷል። ቁጥሩ የሚዋሸው ውሃው ካልዞረ ነው። ውሃው ካልዞረ ፓምፑ ነው። ፓምፑን የገጠምኩት እኔ ነኝ።» መሪው ላይ ያለውን እጃቸውን አዩ። «ዓይኔ ነው። ወይ እጄ። ይኸው፣ ልጅ ልገድል ነበር።»

ፋሲካ መስኮቱን አየች። መስኮቱ በትንፋሿ ደፈረሰ።

በማግስቱ ስትራሰንባን፣ የከተማው ባቡር ውስጥ፣ ለኣሚር ሁሉንም ነገረችው።

«ወደ ላይ? ሸፈንሽው?» ሳቁን ሊገታ አልቻለም። «ዲጋ፣ አንቺ ልጅ፣ ለሞተሩ ብርድ ልብስ ደረብሽለት!»

«አትሳቅ።»

«እሺ፣ እሺ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትንገሪያቸው። አንቺን የጠረጠረሽ የለም። ሞተር ነው፣ ኤጋል፣ ግድ የለም፣ ሰው አልሞተም።»

«ራሳቸውን እየጠረጠሩ ነው እኮ።»

«ይረሱታል። ሽማግሌ ነገር ይረሳል።»

አልረሱም። ኖርድኤንድ ሰፈር ውስጥ ፋሲካ የምትኖርበት ሕንፃ ግቢ ጥግ፣ ጋሽ ጸጋይ አንዲት ትንሽ ወርክሾፕ አለቻቸው። የሕንፃው ሰው ብስክሌቱን የሚያሠራው እዚያ ነው። ፋሲካ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመስታወቱ ታያቸዋለች። ሞተሩን ፈታተውት ፓምፑን አምፖል ሥር ያገላብጡታል፤ ያስቀምጡታል፤ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ያነሱታል። የጠፋውን ስህተታቸውን ይፈልጋሉ። እሷ አጎንብሳ ታልፋለች። ያለፈች ቁጥር ነገሩ ይከብዳታል። የመጀመሪያው ቀን ቢሆን አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አሁን ቃሉ ላይ ዝምታዋም ተደርቧል።

አንድ ቅዳሜ እናቷ ወርቅነሽ ብስክሌቷን እየገፋች ገባች። ለጠዋት ሥራዋ ባቡር የምትደርሰው በእሱ ነው።

«ጋሽ ጸጋይን ምን ነካቸው?» አለች ሻርፗን እየፈታች። «ፍሬኑን አዩልኝ ብዬ ብሰጣቸው መለሱብኝ። ‹ሱቅ ውሰጂው፣ የእኔ እጅ አይታመንም› አሉኝ። እሳቸው! መሣሪያውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነው። ወርክሾፗንም ሊለቁ ነው መሰለኝ።»

ፋሲካ የነከሰችው ዳቦ አፏ ውስጥ ቀረ።

«አንቺ፣ በዚያን ዕለት ከሄዳችሁ ወዲህ ነው። የተፈጠረ ነገር አለ?»

«መጣሁ» አለች ፋሲካ። ካፖርቷን እንኳ አልደረበችም።

የወርክሾፑ በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ ጸጋይ የብሎን መፍቻ ቁልፎቹን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። ግድግዳው ላይ ዕቃው የነበረበት ቦታ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«ኢሽ ሃበ...» ብላ በጀርመንኛ ጀመረች። በጀርመንኛ ይቀላት ነበር። ተወችው። «ጋሽ ጸጋይ፣ ዋሽቻለሁ።»

ጨርቁን ያዝ አደረጉት።

«ምኑን?»

«ዘጠና ስምንት አልነበረም። መቶ አሥራ ሁለት ነበር። መቶ ሲል አይቻለሁ፤ አላጠፋሁም። ኣሚር እየቀረጸኝ ነበር፣ ጫፉ ጋ ደርሼ ነበር። ሸራውንም...» እጇን ከወገቧ እስከ ደረቷ ከፍ አደረገች። «አንሺ ሲሉኝ ወደ ላይ መስሎኝ ነው። ሸፈንኩት።»

«አንሺ ስልሽ?»

«አዎ።»

ሽማግሌው አፋቸው ዳር ፈገግታ የሚመስል ነገር መጥቶ ጠፋ።

«የሸራውን ተዪው» አሉ። «አማርኛ ለእኔም ሁለተኛዬ ነው፣ ላንቺም። እኔ በደንብ አልተናገርኩም፣ አንቺም አልጠየቅሽም። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። በማንም ቋንቋ መቶ መቶ ነው።»

«አዎ።»

«ስጠይቅሽም ዓይኔን እያየሽ ነው የመለስሽልኝ።»

ፋሲካ ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ ሁሉ ቀን በጣም አጭር መሰላት። ቢሆንም አለችው። እሳቸው የሰሙ አይመስሉም።

«ሲሊንደሩን ብረት ለቃሚው ወስዶታል» አሉ በመጨረሻ። «ትናንት። ሰንሰለቱንም፣ ስኪውንም። ሌላ ክረምት በረዶ ቢመጣ እንኳ የሚወጣበት የለም።»

ትናንት። ፋሲካ ትናንት ማታ በዚህ በር አልፋለች፤ አምፖሉ በርቶ ነበር፤ አጎንብሳ አልፋለች።

ጠረጴዛው ላይ የቀረው ፓምፑ ብቻ ነው። ጋሽ ጸጋይ አነሱት። በአውራ ጣታቸው ትንሿን ማዞሪያ ገፋ አደረጓት፤ ያለ ድምፅ ዞረች። ደግመው አዞሯት።

«ደህና ነበር» አሉ ለራሳቸው። «ያኔም ደህና ነበር።»

ፓምፑን ካርቶኑ ውስጥ አልከተቱትም። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ። ትከሻቸው ከካፖርቱ ውስጥ አንሶ ታያት። ከውጭ ነፋስ ገባና የጨርቁን ጠርዝ አንቀሳቀሰው።

«በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» አሉ ሳይዞሩ።

ፋሲካ «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። እጀታውን ያዘች። አንድ እግሯ ደጃፉ ላይ፣ አንዱ ከውስጥ ነው።

«ከውስጥ ሆኜ ነው፣ ከውጭ?» ብላ ጠየቀች።

ቶሎ አልመለሱላትም። ብርዱ እየበረታ ሄደ። እሷ ግን እጀታውን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች።