ከጁራ የመጣው ቢጫ ወይን

ጋሽ ኪዳነ ማርያም ደብረ ማርቆስ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ከምሳ ገበታ ሳይነሡ ሞቱ። በወይን ፋብሪካ ቀማሽነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው የፈረንሳይ የወይን አውራጃዎች መጽሐፍ የጀመሩ ሰው ነበሩ። ያን ቀን የቀመሱትን፣ ከእነዚህ አውራጃዎች አንዱ ከሆነው ከጁራ የመጣውን ወይን ያመጣላቸው ወዳጃቸው መምህር ፈንታ ነው፤ እኅቱ ከዚያ ልካለት። ከተማው ወዲያው ፈረደበት፤ ታሰረም። የሰው ምላስ መቼ ምስክር ይጠይቃል!

ኢንስፔክተር የብርጓል ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት። አብረው ምሳ ከበሉት፣ ከሟቹ የነፍስ አባት ከቄስ ዘማርያም ጀመረች።

«ወይኑ የታመሰ ኑግ ይሸት ነበር» አሉ ቄሱ። «ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።»

«እርስዎም ጠጥተዋል?»

«እኔም፣ እሱም፣ ፈንታም፣ ሦስታችንም ከአንድ ጠርሙስ። እሱ ብቻ ፊቱ ቀላ፤ ልቤ ልቤ አለ፤ አስመለሰው።»

የብርጓል ሟቹ መጽሐፉን የጀመሩበትን ደብተር ገለጠች። የካኦርን ጥቁር ወይን፣ የሳቮዋን ቀለል ያለ ነጭ ወይን አልፋ ጁራ ላይ ቆመች። ቢጫው ወይን ጎደሎው ሳይሞላ ከስድስት ዓመት በላይ በርሜል ውስጥ ይቀመጣል፤ ላዩን እርሾ ይሸፍነዋል፤ «ሽታው ለማያውቀው የተበላሸ ይመስላል» ይላል ጽሑፉ። ቀማሽ ደግሞ ወይን አይውጥም፣ ይተፋል። ገበታው ላይ የነበረው መትፊያ ሳህን ግን ደረቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሕመም ከምን ይመጣል ብላ የሟቹን ሐኪም አነጋግራ ስታበቃ፣ ፈንታን ከእስር አስመጥታ ሁሉንም ሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ወይኑ ንጹሕ ነው። ከወይን ጋር የሚጣላው መድኃኒት የነበረው ጋሽ ኪዳነ ማርያም ሆድ ውስጥ ነው። ምሳው የጋራ ነበር፤ ለብቻቸው የጠጡት የጠዋቱን አጥሚት ነው። ወይዘሮ ብዙዬ፣ አጥሚቱ ላይ ምን ይጨምሩ ነበር?»

ሚስታቸው አልካዱም። መጠጥ የዋጠውን ሰው እያስመለሰ መጠጥ የሚያስጠላ ኪኒን ነው፤ ከጥምቀት ወዲህ እየፈጩ ጨምረውላቸዋል። ሐኪሙ ልብዎ ታሟልና መጠጥ በአፍዎ እንዳይዞር ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ለመጽሐፉ እቀምሳለሁ እንጂ አልውጥም ብለው ምለዋል። ከፈንታ ቤት ሲመለሱ ግን ሁልጊዜ መጠጥ መጠጥ ይሸታሉ።

«ከተፋው ምንም አይሆንም አልኩ» አሉ ወይዘሮ ብዙዬ። «ከዋጠውም አስመልሶት ይማር ብዬ ነው። ይገድለዋል መቼ ብዬ!»

ፈንታ ነጻ ነህ ቢባልም ፊቱ አልፈካም።

«እኔ ቤት አንድ ቀን ውጦ አያውቅም» አለ። «ከዚያ ምሳ ሳምንት ቀደም ብሎ ተቀየምኩት። ያቀረብኩልህን ስትተፋ ነውር አይደለም ወይ አልኩት። ያን ቀን እኔን ላለማስቀየም ነው የዋጠው።»

ወይዘሮ ብዙዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ታዲያ አልውጥም ሲለኝ እስከዚያ ቀን ድረስ እውነቱን ነበራ» አሉ። የብርጓል ክንዳቸውን ደግፋ ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰደቻቸው።