የኤይቪንዱር ድስት

«እግርሽን አቁሚ፤ ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ መጻፍ አቃተኝ» አለች ዲሳ።

ስቫላ እግሯን አቆመች። ወዲያው ሌላኛው ጀመረ። ከፊት ለፊት መምህርቷ ሃልዶራ ጥቁር ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እየፈገፈገች ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሰሌዳ መጽዳት አለበት ብላ ታምናለች፤ የዛሬው እንግዳ ደግሞ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው።

«እስቲ አስቡት» አለች ሃልዶራ። «አይስላንድ ማለት ሁለት መቶ ሺህ ሰው ነው። ጦር የለንም። እስከ ዛሬ ዓለም የሚያውቀን በድሮ መጻሕፍታችን ነበር። አሁን ከእንግሊዝ ጋር በገጠምነው የዓሣ ጠብ ምክንያት ትልልቆቹ መንግሥታት በየስብሰባው ስማችንን ያነሳሉ። ይኼ ሰው እኛ የነገርነውን ይዞ ነው ለንደን የሚገባው። ስቫላ፣ እንግሊዝኛሽ ከሁሉም ይሻላል፤ የአባትሽን ታሪክ አንቺ ትነግሪዋለሽ።»

«የገመድ ቆራጩ ልጅ!» አለ ሌይፉር ከኋላ ወንበር። ልጆቹ ሳቁ።

ስቫላ አልሳቀችም። ከሦስት ሳምንት በፊት አባቷ ኤይቪንዱር ያለበት የጥበቃ መርከብ በአገሪቱ ውኃ ውስጥ ዓሣ የሚያጠምድን የእንግሊዝ መርከብ አግኝቶ የመረቡን የብረት ገመድ ቆርጦ ነበር። በማግስቱ መንደራቸው ኔስ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «አባትሽ ወጥ ቤት አይደል የሚሠራው?» ብሎ የጠየቃት ይኸው ሌይፉር ነው። «ድሮ! አሁን ገመድ መቁረጫው ላይ አዛውረውታል» አለች። ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷ ውሸት ግን እያደር ወፈረና ጭራሽ ጋዜጠኛ ጠራ።

የባሰው ደግሞ ያለፈው እሑድ ነበር። አባቷ ከባሕር ላይ ደወለ። የመርከብ ስልክ በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚመጣው፤ ሬዲዮውን እዚያ ሞገድ ላይ ያደረገ ሁሉ ይሰማል፤ ኔስ ውስጥ ደግሞ እዚያ ሞገድ ላይ ያልሆነ የማድቤት ሬዲዮ የለም። ደግነቱ ያን ቀን ትልልቆቹ ልጆች እምነታቸውን የሚያጸኑበት በዓል ስለነበረ መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እሷ ጉንፋን ይዟት ከአያቷ ጋር ቤት ቀርታለች።

«የጦር መርከባቸው ጎናችንን ሲገጨን የበግ ሾርባዬ ከነድስቱ ተነሳ!» አለ አባቷ እየሳቀ። «በአራት ገመድ አስሬው ነበር እኮ፣ ሁለቱ ተበጠሱ። አቅፌ አስቀረሁት። እጄን ትንሽ ፈጀኝ እንጂ ሃያው ሰው ትኩስ በልቶ አደረ።»

ስቫላ ስልኩን ስትዘጋ መጀመሪያ የተሰማት ማንም ባለመስማቱ ደስታ ነው። ስለ እጁ ያሰበችው ከዚያ በኋላ ነበር። በዚህ እስካሁን ታፍራለች።

የዕረፍት ደወል እንደተደወለ ዲሳን ወደ ካፖርት መስቀያው ጎተተቻት።

«አሟታል በይልኝ። ቤቴ መሄዴ ነው።»

«ምንሽን?»

«ሆዴን። ራሴን። የፈለግሽውን በይ!»

ዲሳ ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስቫላ፣ የሾርባውን ነገር አውቃለሁ። እሑድ አያቴ እግሯን አሟት እኔም አብሬያት ቤት ነበርኩ። ሬዲዮው አልጋዋ ሥር ነው።»

ስቫላ የጆሮዋ ጫፍ ሳይቀር ጋለ። «ሌላስ ማን ሰማ?»

«ባሕር ላይ የነበሩት ጀልባዎች በሙሉ። ሌይፉርም ከአባቱ ጋር ወጥቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«በመርከብ ሞገድ የተሰማ የብስ ላይ አይወራም! ምን ነካሽ?»

እውነቷን ነው። ስቫላ ራሷ የሰው ሚስት ስታለቅስ፣ የሰው እጮኝነት ሲፈርስ በሬዲዮ ሰምታ፣ በማግስቱ ሱቅ ስታገኛቸው ስለ ንፋሱ ብቻ አውርታለች። ለካ መንደሩ እሷንም እንዲሁ እያየ ስለ ንፋስ ሲያወራት ከርሟል።

«ስለዚህ ደስ ያለሽን ንገሪው» አለች ዲሳ። «ማንም ትንፍሽ አይልም።»

ይህ ሊያሳርፋት ይገባ ነበር፤ አላሳረፋትም። ጋዜጣው ዞሮ ዞሮ መርከቡ ላይ መድረሱ አይቀርም። እውነተኛው ገመድ ቆራጭ አጠገቡ ተቀምጦ አባቷ ሲያነበው ታያት፤ የተቃጠለ እጁን ኪሱ ሲከት። በክረምት የድሮዎቹን መጻሕፍት ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው አያቷ «እነዚህን ሰዎች ሰባት መቶ ዓመት ያመንናቸው የፈሪውንም ስም ስለጻፉ ነው» ማለት ይወዳል። ዛሬ ይህን ማስታወሷ ራሱ አናደዳት።

ጋዜጠኛው ጫማው ርሶ ገባ። በአይስላንድኛ ሰላም ሊል ሞክሮ ልጆቹን አሳቃቸው፤ እሱም አብሮ ሳቀ። የተማሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ።

«የእኛን መረብ የቆረጠው አባትሽ ነው አሉኝ» አለ ማስታወሻውን ገልጦ። «እስቲ ንገሪኝ።»

ሃልዶራ ፈገግ አለች። ዲሳ መስኮት መስኮቱን አየች። ሌይፉር እንኳ ድምፁ የለም። ዝም ብለው ሊሸፍኑላት ተዘጋጅተው ነበር፣ ሁሉም።

«አባቴ ወጥ ሠሪ ነው» አለች ስቫላ በእንግሊዝኛ። «ውሸቱ የእኔ ነው። የጦር መርከባችሁ ሲገጫቸው እሱ...»

እዚህ ላይ ቃል ጠፋት። የሃያ ሰው ድስት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ተነሳችና ንጹሑ ሰሌዳ ላይ ሳለችው፦ ሆደ ሰፊ ድስት፣ ከግራ አንድ ገመድ፣ ከቀኝ አንድ ገመድ። የጋዜጠኛው እስክሪብቶ ቆሞ ነበር።

«አራት ነው፣ ስቫላ» አለ ሌይፉር ከኋላ። «አባትሽ በአራት ገመድ ነው ያለው።»

ስቫላ ወደ ሰሌዳው ዞረችና የቀሩትን ሁለት ጨመረች።