መኪናም ያልበዋል

ገበየሁ የሞተው መሪውን እንዳቀፈ ነበር። ጥርባ መንደር አጠገብ ካለው ቁልቁለት ግርጌ መኪናው በጎኑ ተጋድሟል፤ የጫነው ቀርከሃ ማሳው ላይ ተበትኗል። ልጆቼ፣ ያን ጊዜ በዳንግላ የጭነት መኪና የነበራቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ገበየሁና የልብ ጓደኛው ሽባባው። እናም ወሬው ሲሰማ አገሩ ሁሉ በፈረስ እየጋለበ መጣ።

የአውራጃው መርማሪ የሃምሳ አለቃ እንየው ሲደርስ የሟች ወንድም ደጉ ጠመንጃውን አንግቶ ጠበቀው።

«ምኑን ይመረምራሉ አለቃ? ፍሬኑን የቆረጠው አስማረ ነው። ወንድሜ ከሹፌርነት ስላባረረው ቂም ይዞ ነው። እስከ ሠልስቱ ካልፈረዳችሁ እኔ እፈርዳለሁ።»

እንየው ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚያይ ሰው ነበር። ካፖርቱን አውልቆ የተጋለጠውን የመኪናውን ሆድ ከዳር እስከ ዳር በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ፤ የፍሬን ዘይት መያዣው ውስጥ ጣቱን ነክሮ አሸተተ። ከወንበሩ ሥር ደግሞ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ጠርሙስ አወጣ፤ እስከ ግማሹ ዘይት አለው። እሱንም አሸተተው።

«የተቆረጠ ነገር የለም» አለ።

«ታዲያ ወንድሜን ምን በላው?»

«እሱን ነው የምፈልገው። እስከዚያ አስማረ እኔ ዘንድ ይታሰራል። ከአንተ ጠመንጃ ላድነው ነው።»

የሟች ሚስት እታለማሁ ከል ለብሳ ከቤቷ ጥግ ተቀምጣለች።

«እህቴ» አላት እንየው ዝቅ ብሎ፣ «ባልሽ መኪናውን ማን ያይለት ነበር?»

«እሱው ራሱ። በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውላታል፤ መልክህን ታይባታለህ።»

«ከውስጥስ? ኮፈኑን ከፍቶ?»

«ኧረ የለም! ፈረሱን ቢሆን ኮቴውን አንስቶ ሳያይ፣ የኮርቻውን ማሰሪያ ሳይጎትት አይቀመጥበትም። መኪናዋን ግን አስነስቶ መሄድ ብቻ። ሰሞኑን ጎማው ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ አየሁና ‹በዛብህ ጋራዥ አሳያት› ብለው ሳቀብኝ። ‹መኪናም ያልበዋል› አለኝ።»

«ጋራዥ የማይሄድ ለምንድን ነው?»

አንገቷን ደፋች። «አስማረ አሁን የሚሠራው በዛብህ ዘንድ ነዋ። ከሚስቴ ጋር ይተያያል ብሎ ነው ያባረረው። ከመንገድ ሲገባ ውሃ ጠማኝ ብሎኝ በጣሳ ሰጠሁት፤ ጥፋቴ ያች ናት። ከዚያ ወዲህ ‹የእሱ እጅ የነካትን መኪና ከምነዳ ገደል ልግባ› ይል ነበር።» እንባዋ ቀደማት።

«ይህ ጠርሙስስ?»

«የኑግ ዘይት ነው። ከአያ ሽባባው ይዞት መጣ። ጓደኛው አይደል፣ ሲቸግረው የሚደርስለት።»

መካኒኩ በዛብህ እጁን በጋዝ እየታጠበ ነበር።

«የገበየሁን መኪና አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየኋት» አለ። «በደጄ ሲያልፍ ጡሩምባውን ነፍቶብኝ ነው የሚሄድ። አስማረ መንገድ ላይ ቆሞ ‹ጋሼ፣ ፍሬንዎን ያሳዩ› ብሎ ለመነው፤ ምራቁን ተፍቶ አለፈ።»

«ሽባባውስ?»

«እሱስ ሌላ ነው። ከመንገድ በገባ ቁጥር እዚህ ነው። ፍሬኗን ሳላይለት ነቅነቅ አይል።»

ሽባባው በሱቁ ደጃፍ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ኑጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም» አለ። «ፍሬን ዘይት ጎደለብኝ ሲለኝ፣ ‹ዋናው እስኪገኝ በዚህ ሙላው› አልሁት። ዘይት ያው ዘይት ነው፣ አለቃ። እኔስ ብሆን የራሴ ላይ እሱን አይደል የምጨምር?»

«እርስዎም ኑግ ይጨምራሉ?»

«ስንት ጊዜ!»

እንየው፣ «መኪና የገዛችሁት ባንድ ሰሞን ነው አሉ» አለው።

«የሱ ቀደመች።» ሽባባው የነጠላውን ጫፍ ጠቀለለ። «ሴቱ እልል አለላት። ቄጤማ ተነሰነሰላት፣ ጠበል ተረጨላት። ፈረሰኛው እንጅባራ ድረስ ሄዶ አጀባት። የእኔ በሳምንቱ ስትመጣ...» ሳቅ ሞከረ። «የእኔ ስትመጣ አንድ ውሻ ነው የጮኸላት።»

«አንድ ውሻ» አለ እንየው።

የሠልስቱ ዕለት የእታለማሁ ግቢ በለቅሶኛ ሞላ። የሽባባው መኪና ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር ዘመድ ጭና መጥታ በር ላይ ቆማለች። ደጉ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሟል። አስማረ በሁለት ፖሊሶች መሃል፣ እጁ በካቴና ታስሮ ሲገባ ጉርምርምታ ተነሣ።

እንየው ጠርሙሱን ይዞ ተነሣ።

«ወገኖቼ፣ ከጥርባው ቁልቁለት ላይ የገበየሁ መኪና ፍሬን እምቢ አለ። ማንም አልቆረጠውም፤ ቧንቧውን ከዳር እስከ ዳር በጄ ዳስሼዋለሁ። መጀመሪያ ዘይቱ ከጎማው ሥር ይንጠባጠብ ነበር፤ ሚስቱ አይታለች። ገበየሁ ግን ማስመርመር ትቶ ከላይ ሞላው። የሞላው በምን ነው? በዚህ። ኑግ መሆኑን አፍንጫ ያለው ያውቃል። የሰጠው ደግሞ አቶ ሽባባው ነው።»

«አልደበቅሁም!» አለ ሽባባው። «እኔም የምጨምረው...»

«አዎን፣ የሚጨምሩት እሱን ነው። ነግረውኛል። እንግዲያ ጥሩ ነው» አለና እንየው ወደ በሩ ሄደ። ኮፈኑን ከፈተ፤ የፍሬን ዘይት መያዣውን ክዳን ፈታ። «ዛሬ ሁላችንም በዚች መኪና ጥርባ ድረስ እንወርዳለን። መሪውን እርስዎ ይይዛሉ። የተረፈውን ኑግ እዚሁ ልሙላልዎት።»

ቆረቆንዳውን ነቅሎ ጠርሙሱን አዘነበለ።

«አይሆንም!» ሽባባው ለቅሶኛውን ጥሶ ደረሰና የእንየውን እጅ ለቀም አደረገ። ጠርሙሱ ወድቆ ተሰበረ።

ሽባባው የገዛ እጁን እንደ ባዕድ ነገር አየው።

«በዛብህ» አለ እንየው ዞር ሳይል፣ «ኑግ ፍሬን ውስጥ ቢገባ ምን ያደርጋል?»

«ጎሚኒ የሚባለውን ላስቲክ ያሳብጠዋል። ያበጠው ላስቲክ ይበላሻል፤ አንድ ቀን ሲረግጡት ፔዳሉ ባዶ ነው።»

«ይህን ለማን ነግረሃል?»

«ለጠየቀኝ።» በዛብህ ወደ ሽባባው ተመለከተ። «የጠየቀኝ አያ ሽባባው ብቻ ነው።»

«ሽባባው የዋሸኝ ለዚህ ነው» አለ እንየው። «የማያውቅ ሰው ቢሆን ‹አላወቅሁም› ይለኝ ነበር። እሱ ግን ‹እኔም እጨምራለሁ› አለኝ። መኪናው በየጊዜው ጋራዥ የሚታይለት ሰው ኑግ ቢጨምር በዛብህ ባየበት ነበር።»

ሽባባው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እንዲሞት አልነበረም» አለ። «ገበየሁ እኮ ወንድሜ ነው። መንገድ ላይ እንድትቆምበት ነበር። ሰው እንዲስቅባት። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የኔ ጎትታ እንድታመጣት... ያኔ ሰው የኔንም ያያታል ብዬ።»

የደጉ ጠመንጃ ተነሣ። እታለማሁ ግን አፈሙዙ ፊት ቆመች።

«ተው ደጉ። አንዱ ቅናት ኑጉን ሰጠ፣ ሌላው ቅናት በጋራዡ ደጅ ጡሩምባ እየነፋ አለፈ። ባሌን በሁለቱ አጣሁት። አንተ ሦስተኛ አትሁን።»

ደጉ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። ካቴናው ከአስማረ እጅ ወጥቶ ሽባባው እጅ ገባ።

ልጆቼ፣ የግምጃ ቤት ሰዎች መመለሻቸው ያችው መኪና ናት፤ ማንም ግን መውጣት አልደፈረም። አስማረ ታስሮ የነበረ እጁን እያሻሸ ወደ መኪናዋ ሄደ። ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን አየ። በጉልበቱ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ጎማ ዳሰሰ። ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቶሎ በል ያለው የለም።

ሲጨርስ ላቡ ይንጠፈጠፍ ነበር። እታለማሁ ከቤት ወጣች፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ ውሃ በጣሳ ሰጠችው። ደጉም ጠመንጃውን እንዳዘቀዘቀ ቆሞ አየ። አስማረ ጠጥቶ ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰላት፤ ከዚያ ሰዎቹ አንድ በአንድ መኪናዋ ላይ ወጡ።