የስድስተኛው ፊልም መጨረሻ

«ካውያ ልትወስጂ ነው የመጣሽው ወይስ ሱቄን ልትገዢ?» አሉ ጋሽ ካቻቪቴ።

ጥድፊያ አልሰማቻቸውም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ በተበላሹ ዕቃዎች ክምር ውስጥ አንገቷን አስገብታለች። ሁለት የሞቱ ሬዲዮዎች፣ አንድ ክንፍ የሌለው ማራገቢያ፣ ከሥራቸው ደግሞ አቧራ የጠገበ የዲቪዲ ዴክ። በዴኩና በግድግዳው መካከል አንድ ጠንካራ የካርቶን ሣጥን ተወሽቋል። የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ቀለሙ ብርቱካናማ ነው፤ ጫፉ ላይ «6» ይላል።

«አይሆንም» አለች ለራሷ። «አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም!»

«ምኑ ነው የማይሆነው? ካውያው እኮ ተሠርቷል።»

በእውነተኛ ስሟ ከመምህራን በስተቀር የሚጠራት የለም። በሰባት ወሯ ስለተወለደች እናቷ «ለመወለድ እንኳ ያልታገሰች» እያለች ጥድፊያ አለቻት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም አልታገሰችም። ሣጥኑን ለማውጣት ስትጎትት ማራገቢያው ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ግድ አልሰጣትም። ሣጥኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ብድግ አለች።

«በአራትና በአምስት መካከል» አለች ርዕሱን ጮክ ብላ እያነበበች። «ጋሼ፣ ይኼ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ሊፍት የተሣለበት ካርቶን ነዋ» አሉ ጋሽ ካቻቪቴ። ጆሯቸው ላይ የሰኳትን ካቻቪቴ ነቅለው የአንድ ሬዲዮ ሆድ ይከፍቱ ጀመር።

ካርቶን! ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። የትርጉም ሥራ የምትሠራው አክስቷ «ዓይንሽን ከስልክሽ ላይ የሚያነሳልኝ ነገር ከተገኘ ብዬ ነው» ብላ በልደቷ ቀን የአንድ አነስተኛ ፊልም አሳታሚ ደንበኛ አደረገቻት። አሳታሚው የሚያወጣው ሲኒማ ቤቶች የረሷቸውን የፈረንሳይ ፊልሞች ነው። ይኼኛው ስብስብ ዘጠኝ ፊልሞች አሉት፤ ዘጠኙንም የሠራችው በዘመኗ ማንም ዞር ብሎ ያላያት አንዲት ሴት ናት። በየወሩ አንድ ፊልም፣ በጠንካራ ሣጥን፣ ከቀጭን መጽሐፍ ጋር ይመጣል። የሚታተመው ስምንት መቶ ቅጂ ብቻ ነው። ስምንት መቶው ካለቀ አለቀ፤ ድጋሚ አይታተምም፣ ኢንተርኔት ላይም አይገኝም።

መጀመሪያ ጥድፊያ ፊቷን አጨማዳ ነበር። የመጀመሪያውን ፊልም ካየች በኋላ ግን ሁለተኛው እስኪመጣ ቀን መቁጠር ጀመረች። አንዲት ሴት ለሃያ ደቂቃ መስኮት ስታጸዳ የሚያሳይ ፊልም ልብ ይሰቅላል ብሎ ማን ያምናል? ያመነቻት አንድ ሰው ብቻ ናት። እሷም ሁሉም «ዳኛዋ» የሚላት ልጅ ናት።

ዳኛዋ የቅርብ ጓደኛዋ ናት። ክፍል ውስጥ ማን ማንን ቀደመ፣ ማን የማንን እስክሪብቶ ወሰደ የሚለው ክርክር ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚያልቀው። የፖስታ ሣጥን ያላቸውም የእሷ አባት ስለሆኑ ፊልሞቹ የሚመጡት በእነሱ አድራሻ ነው። ስብስቡም የሁለቱ ሆነ፤ አንድ ወር አንዷ ቤት፣ አንድ ወር ሌላዋ ቤት ይቀመጣል። ሕጉን ደብተር ላይ የጻፈችው ራሷ ዳኛዋ ናት። አንደኛ፣ ሣጥን የሚከፈተው ሁለታችንም ባለንበት ነው። ሁለተኛ፣ ብቻዋን ያየች ከስብስቡ ትወጣለች። ሁለቱም ፈረሙ።

ስድስተኛው ሳይመጣ ቀረ። «ፖስታ ቤት ውስጥ ጠፋ» አለች ዳኛዋ፤ አለቀሰችም። ለአሳታሚው አንድ ላይ ደብዳቤ ጻፉ። አክብሮት የሞላበት መልስ መጣ፦ ልከናል፣ ትርፍ ቅጂ ግን የለንም። ጥድፊያ በማግስቱ ፖስታ ቤት ገብታ መስኮቱ ላይ የምትሠራዋን ሴትዮ «ሣጥኑ እግር አውጥቶ ሄደ?» አለቻት፤ ያውም ሰው በተሰለፈበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላት አታውቅም። ሰባተኛው መጣ፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው። በአምስተኛውና በሰባተኛው መካከል ያለው ክፍት ቦታ ግን እንደ ወላቃ ጥርስ በገባች በወጣች ቁጥር ይታያታል።

አሁን ጥርሱ እጇ ላይ ነው!

«ጋሼ፣ እባክዎ ይሽጡልኝ። የፈለጉትን ይበሉኝ።»

«የኔ አይደለም፤ የደንበኛ ነው።»

ጥድፊያ ሣጥኑን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ቁጥር አየች። ከስምንት መቶው ስንተኛው እንደሆነ በቀለም፣ በእጅ ይጻፍበታል። ደንበኛ የሆነ ሰው ቁጥሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቀየርም። የእነሱ 317 ነው። ስምንቱም ሣጥኖች ላይ 317።

በዚህኛውም ላይ 317 ይላል።

ለትንሽ ጊዜ ደስታው ብቻውን ሮጠ። «የኛ ነው! የኛው ራሱ ነው! ሌባው ተያዘ!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ከዚያ አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

«ማነው ያመጣው?»

«አንዲት ልጅ። እንዳንቺው ዩኒፎርም የለበሰች» አሉ ጋሽ ካቻቪቴ ከሬዲዮው ቀና ሳይሉ። «ዲስኩ ዴኩ ውስጥ ተቀርቅሮ እምቢ ብሏት። ሲወጣ ይክተቱልኝ ብላ ሣጥኑንም ሰጠችኝ። በሳምንቱ ሠርቼ ጨረስኩ። ይኸው አምስት ወር፣ ዝር አላለችም።»

«ምን ዓይነት ልጅ ናት?»

«ረዘም ያለች። ደረሰኝ ብሰጣት ማኅተም የለውም ብላ ተከራከረችኝ። ከየት አባቴ ላምጣ ማኅተም? ያለኝ ይቺ ካቻቪቴ ናት።»

ሌላ ምልክት አላስፈለገም። ከጋሽ ካቻቪቴ ጋር ስለ ማኅተም የሚከራከር ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው። ዴኩንም አሁን አስተዋለችው። ዳኛዋ «የአጎቴ ልጅ ተውሶታል» ያለችው ዴክ ነው። ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን የጥድፊያ አክስት ቤት ሄደው ያዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

«አውቃታለሁ» አለች ጥድፊያ። «ጓደኛዬ ናት።»

«እንግዲያው ውሰጂላት፤ ቦታ አጣቦብኛል። ግን ንገሪያት፣ ዲስኩ ደህና አይደለም። በቢላዋ ነው መሰለኝ ልታወጣው የሞከረችው፣ ዳር ዳሩን ጭራዋለች። ዲስክ የሚነበበው ከመሀል ወደ ዳር ነው። መጀመሪያው ንጹሕ ነው፤ የተጎዳው መጨረሻው ነው። ሞክሬው ነበር፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ቀጥ ይላል።» መልስም ሳይጠብቁ ዴኩን ከጠረጴዛው ቴሌቪዥን ጋር አገናኙና ዲስኩን አስገቡ። «ነይ፣ ራስሽ እይው።»

ማያው በራ። የአንዲት ሴት እጅ ታየ፤ በጥቁር ቅባት የተለወሰ፣ መፍቻ የያዘ። እጁ አንድ ብሎን እያጠበቀ ነው። ከላይ የሆነ ቦታ ወፍ ጮኸ። ጥድፊያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መቀመጧን እንኳ አላወቀችም። አምስት ወር ሙሉ በሐሳቧ የሠራችው ፊልም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ሴትዮዋ ቀና አለች፤ ልትናገር ነው...

«ይዝጉት!» አለች ጥድፊያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና። «በናትዎ ጋሼ፣ ይዝጉት፣ ይዝጉት!»

«ጉድ ነው! ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ብቻዬን ማየት አይፈቀድልኝም።»

ጋሽ ካቻቪቴ ዘጉት። ስለ ዛሬ ልጆች አንድ ነገር አጉተመተሙና ካውያውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጧት።

መንገዱን ሮጠችው። ዴኩ በግራ ብብቷ፣ ሣጥኑ በቦርሳዋ፣ ካውያው በቀኝ እጇ። የሴትዮዋ እጅ ከዓይኗ አልጠፋም። ንዴቱም አልጠፋም፤ ሁለቱ እየተጋፉ አብረው ሮጡ። ውሸታም፣ እላታለሁ። ሕጉን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ እላታለሁ። ያንን ሁሉ ያለቀስሽው ለቢላዋሽ ነው? እሱ አሪፍ ነው፣ እሱን መጀመሪያ እላታለሁ። የትራፊክ መብራቱ ጋ ስትደርስ ሰባት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታ ነበር። ስልኳ ጮኸ።

«ካውያው በእግሩ ነው የሚመጣው?» አለች እናቷ። እናቷ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ያለ ካውያ አንድ ጠርዝ አታጥፍም።

«መጣሁ እማዬ፤ ዳኛዋ ጋ ትንሽ ነገር አለኝ።»

«ያንቺ ትንሽ ነገር ሁለት ሰዓት ነው። ደንበኛዋ ማታ ትመጣለች።»

«አንድ ሰዓት ተኩል! ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ነው!» ብላ ዘጋችው። አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀነስ፣ አለች በልቧ።

ዳኛዋ በሩን ከፈተች። ዓይኗ መጀመሪያ ካውያው ላይ፣ ከዚያ ዴኩ ላይ አረፈ። እጇ መዝጊያው ላይ ደረቀ።

ከሰባቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱም አልመጣም። «የቴሌቪዥኑ ገመድ የት ነው?» አለች ጥድፊያ።

«ከየት አመጣሽው...»

«ገመዱ፣ በናትሽ! ካውያ ይዣለሁ፣ ሰዓት የለኝም።»

ገመዱ ተገኘ። ስብስቡ ያን ወር ዳኛዋ ቤት ነበር፤ ጥድፊያ ዲስኩን አውጥታ ባዶውን ሣጥን በአምስተኛውና በሰባተኛው መካከል ሰካችው። ልክ ገባ። ዘጠኝ ብርቱካናማ ጀርባ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ያለ ክፍተት! ምንም ብትናደድ ፈገግ ከማለት አልዳነችም። ዳኛዋ ከኋላዋ ቆማለች።

ሶፋው ላይ በመካከላቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትተው ተቀመጡ።

ፊልሙ ውስጥ አንዲት የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ሴት አንድ ሊፍት ልትሠራ ገብታ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል ቆመባት። አብረዋት ያሉት በሽቦ ቤት ወፍ የያዙ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፊልሙ ይኸው ነው፤ ከሊፍቱ አይወጣም። ግን ሴትዮዋ ሽማግሌውን መፍቻ አያያዝ ስታስተምራቸው ጥድፊያ ከሶፋው ጫፍ ልትወድቅ ደረሰች። ሽማግሌው ወፏ የእሳቸው እንዳልሆነች ሲናገሩ «እንዴ!» ብላ ጮኸች። «ሰምተሻል? ሰርቀዋታል እኮ!»

«ቆይ፣ ገና ነው...» አለች ዳኛዋና አፏን በእጇ ያዘች።

ጥድፊያ ሰምታለች፤ ዞር ግን አላለችም። ፊልሙ እየሮጠ ነው። መብራቱ ጠፋ፣ ሴትዮዋ ዘፈነች፣ ወፏ ዝም አለች። ከታች የሰው ድምፅ ተሰማ። ሊፍቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሴትዮዋ ሁለት እጇን በሩ ላይ ጫነች። በበሩ መካከል ቀጭን የብርሃን መስመር ታየ...

«አሁን ይቆማል» አለች ዳኛዋ በጣም ቀስ ብላ።

ቆመ። ምስሉ ወደ ካሬ ካሬ ተበታተነ፤ የሴትዮዋ ግማሽ ፊት ብርሃኑ ላይ ቀረ። ዴኩ ውስጥ ዲስኩ እየተንጫጫ ይሽከረከራል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች ዳኛዋ።

«ቁጥሩን ሳይ።»

«የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ ላይ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ መዝጋት አቃተኝ። ሲያልቅ ዲስኩ አልወጣ አለ፣ በቢላዋ ሞከርኩ፤ መልሼ ሳጫውተው እዚህች ላይ ቆመ።» ዳኛዋ ጉልበቷን አቀፈች። «ጋሽ ካቻቪቴ ጋ ደጃፉ ድረስ ስንቴ ሄጄ ተመለስኩ መሰለሽ። ዲስኩ እጄ ከገባ ወይ ልነግርሽ ነው፣ ወይ ልጥለው ነው። ሁለቱንም አልቻልኩም።»

«የፖስታ ቤቷን ሴትዮ በሰው ፊት ሰድቤያታለሁ። አጠገቤ ቆመሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ከትምህርት በኋላ አብረን እንሄዳለን። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ፤ ሰልፍ ባለበት።»

«እሺ።» ዳኛዋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ከስብስቡ ግን ወጥቻለሁ። ሕጉ ይላል።»

ጥድፊያ መደርደሪያውን አየች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን። እሷም ሱቁ ውስጥ አንድ ደቂቃ ብቻዋን አይታለች፤ ፊቷን በእጇ ባትሸፍን ኖሮ፣ ጋሽ ካቻቪቴም ሲለምኗቸው የሚዘጉ ባይሆኑ ኖሮ... ይህን ለዳኛዋ አትነግራትም፤ ቢያንስ ዛሬ። ከዚያ በር በስተኋላ ያለውን ነገር አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አምስት ወር ሙሉ ዋሽቷታል። ዳኛዋ ልትዋሻት ብትፈልግ አሁንም ትችላለች፤ ጥድፊያ የምታጣራበት መንገድ የለም።

ስልኳ እንደገና ጮኸ። እናቷ ናት፤ ካውያው። ድምፁን አጠፋችው። ተነስታ ቴሌቪዥኑን ዘጋችና ሶፋው ላይ ተመልሳ፣ ለአንድ ሰው የተተወው ቦታ ላይ እግሯን አጥፋ፣ ፊቷን ወደ ዳኛዋ አዙራ ተቀመጠች።

«አሥራ አንድ ደቂቃ አለሽ» አለች። «አንድም ነገር እንዳታስቀሪ። በሩ ተከፈተ፤ ከዚያስ?»